«ስንጫወት ዋልን»፦ የጣና ዳር ሕፃናትና የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት

የክረምቱ ዝናብ ጋብ ማለት ሲጀምር በባሕር ዳር ከተማና በጣና ሐይቅ ዙሪያ በሚገኙ ወረዳዎች የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች ያሏቸው ወላጆች ለቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ምዝገባ ይዘጋጃሉ። በዚህ ወቅት ለትምህርት ቤቶች ከሚቀርቡ ጥያቄዎች መካከል ልጁ መቼ ማንበብ እንደሚጀምር፣ በሳምንት ስንት ጊዜ የቤት ሥራ እንደሚሰጠው፣ እንግሊዝኛ በስንት ዓመቱ እንደሚማር የሚመለከቱት ይበዛሉ። ልጁ በቀን ምን ያህል ጊዜ እንደሚጫወትና ምን እንደሚጫወት የሚጠይቅ ወላጅ ግን ጥቂት ነው። እንዲያውም ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ተብሎ «ስንጫወት ዋልን» ያለ እንደሆነ፣ መምህሯ ሥራዋን እንዳልሠራች ተደርጎ ይወሰዳል። ይህ ጽሑፍ ያ የልጁ መልስ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

በአገራችን ዘመናዊው አጸደ ሕፃናት በድሬዳዋ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ ፈረንሣውያን ልጆች ከተከፈተ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ የከተማ ነዋሪና ከፍሎ የማስተማር አቅም ያለው ቤተሰብ ዕድል ሆኖ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአጸደ ሕፃናት ትምህርት ለልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያገለግል ቢያስቀምጥም፣ የማስፋፋቱ ሥራ በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች የተተወ ነበር። በዚህም ምክንያት በ1990ዎቹ ዕድሜያቸው ከደረሰ መቶ ሕፃናት መካከል አምስቱ እንኳ ይህን ትምህርት አያገኙም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ይህን ለመለወጥ መንገድ ከፍቷል። በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ግቢ ውስጥ «ኦ ክፍል» በየገጠሩ መከፈት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ በአጠቃላይ ትምህርት መዋቅር ውስጥ አካትቶታል።

የዓሣ አስጋሪውና የገበሬው ልጅ ቀድሞ የከፋይ ቤተሰብ ልጅ ብቻ ያገኘው የነበረውን ዕድል ማግኘት መጀመሩ ትልቅ እመርታ ነው። ሆኖም ክፍሉ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ስለሚከፈት ብዙ ጊዜ የዚያኑ ትምህርት ቤት ዴስክ፣ ጥቁር ሰሌዳና ደወል ይወርሳል። መምህሩም ለሕፃናት ትምህርት የተለየ ሥልጠና ያላገኘ፣ ከዝቅተኛ ክፍሎች የተዛወረ ሊሆን ይችላል። ወላጁ ደግሞ የተሞላ ደብተር ማየት ይሻል። እነዚህ ነገሮች ሲደማመሩ ቅድመ አንደኛው በስም ብቻ ቅድመ አንደኛ ሆኖ፣ በተግባር አንደኛ ክፍል ሁለት ዓመት ቀድሞ የተጀመረ ያህል ይሆናል። የአምስት ዓመት ልጅ ረጅም ሰዓት ዴስክ ላይ ተቀምጦ ከሰሌዳ ሲገለብጥ መዋሉ ንባብን እንደሚያፋጥን ቢታመንም፣ የፊደላችን ባሕርይ ራሱ ከዚህ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል።

የፊደል ገበታችን 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲዘረዘሩ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። «በ» ከወገቡ በስተቀኝ ቅጥያ ሲያወጣ «ቡ» ይባላል። ቅጥያው ወደ እግሩ ሲወርድ «ቢ»፣ ቀለበት ሲሆን «ቤ»፣ ወደ ግራ ሲዞር «ብ» ይሆናል። ግራ እግሩ ሲያጥር «ባ»፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር ደግሞ «ቦ» ነው። ለአዋቂ ዓይን ይህ ግልጽ ነው። ቀኝና ግራን፣ ላይና ታችን፣ አጭርና ረጅምን ገና በቅጡ ላልለየ ልጅ ግን ሰባቱም አንድ ናቸው። እነዚህን ልዩነቶች ደግሞ ልጅ አስቀድሞ የሚያውቃቸው በገዛ አካሉ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት በአንድ እግሯ ቆማ ጠጠሩን ወደ ቀጣዩ ሳጥን የምትገፋ ልጅ፣ መስመሩን ላለመርገጥ ስትጠነቀቅ፣ ቀኝና ግራዋን፣ ውስጥና ውጭን፣ ቅደም ተከተልን እየለየች ነው። ቆርኪዎችን በቀለም፣ ባቄላና ሽምብራን በዓይነት የሚለይ ልጅም ጥቃቅን ልዩነቶችን ማስተዋልን ይለማመዳል፤ በኋላ «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለይበት ዓይን ይኸው ነው።

ለጽሕፈትም እንዲሁ ነው። እርሳስ ለመጨበጥ የጣቶች ጡንቻ መጠንከር አለበት። ይህን የሚያጠነክረው ጭቃ ማድቦልቦል፣ ደንገል መጎንጎን፣ ዶቃ በክር መሰካት፣ ቅልሞሽ መጫወት ነው። ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ ሳይወድቅ ሌሎቹን ከመሬት መልቀም ዓይንና እጅን ያስተባብራል፤ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያሉ መልቀሙ ደግሞ ማቧደንን ያስተምራል።

በዚህ አካባቢ ለዘመናት የልጆችን ንባብ ሲያስጀምር የኖረው የቄስ ትምህርት ቤት መሆኑ ይታወቃል። በዘጌም ሆነ በሐይቁ ደሴቶች ሕፃናት ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል፤ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም በቁርአን ቤት ተምረዋል። የቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በጩኸትና በአለንጋ ነው። ሆኖም መምህራኑ ልጁ «ሀሁ»ን በተርታ መዝለቁ ብቻውን ፊደል ለየ እንደማያሰኘው ያውቁ ነበር። ተርታውን የሚያፋልሰው «አቡጊዳ» የሚከተለው ልጁ ቅርጹን ለይቶ ይሁን በዜማ ብቻ ይዞት እንደሆነ ስለሚያጋልጥ ነው። ዛሬ ልጃቸው ገበታውን ሳይሳሳት በመዝለቁ የሚደሰቱ ወላጆች ይህን ጥንታዊ ፈተና ቢሞክሩት መልካም ነው።

ጨዋታ ከእጅና ከዓይን ባሻገር ጠባይን ይገራል። እቃ እቃ ሲጫወቱ አንዷ እናት፣ አንዱ ታንኳ ቀዛፊ፣ ሌላው ዓሣ ገዢ ይሆናሉ። ከጭቃ የተሠራ ቀረሶ በቆርኪ ይሸጣል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። ገዢ የሆነው ልጅ ሻጭ መሆን ቢያምረውም ጨዋታው እንዳይፈርስ ራሱን ይገዛል፤ ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ ይገምታል፤ የሚፈልገውን በቃል ያስረዳል። አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩን አዳምጦ የታዘዘውን እስከ መጨረሻው ለመሥራት የሚያስፈልገው ይኸው ራስን የመግዛት ችሎታ ነው።

ይህ ሲባል ግን ልጆችን ግቢ ውስጥ ለቆ መምህሩ ጥላ ሥር መቀመጥ ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውንም «በጨዋታ ማስተማር» የሚሉ ስላሉ ልዩነቱ ሊታወቅ ይገባል። ለምሳሌ መምህሯ በሳፋ ውኃ አቅርባ ደረቅ ደንገል፣ ውኃ ውስጥ የሰነበተ ደንገል፣ ጠጠር፣ የዘጌ ቡናና ቁራጭ ቅል ታዘጋጃለች። የቱ እንደሚንሳፈፍ ልጆቹ አስቀድመው ይገምታሉ፤ ከዚያ ይሞክራሉ። ደረቁ ደንገል ሲንሳፈፍ የሰነበተው ለምን ዝቅ አለ? ታንኳ ከሐይቅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ለምንድን ነው? ልጁ በየዕለቱ የሚያየው ነገር ጥያቄ ይሆንበታል፤ መልሱንም በራሱ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይፈልጋል። በታንኳ ሥራ ከሚታወቀው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አንድ አባት ወይም አያት ወደ ክፍል ተጋብዘው ደንገል እንዴት እንደሚታሰር ቢያሳዩ ደግሞ ትምህርቱ ይበልጥ ይሰምራል። ሙከራው ሐይቁ ዳር ሳይሆን በሳፋ እንዲሆን የሚመከረው ግን በምክንያት ነው፤ ውኃው ጥልቅ ከመሆኑም በላይ በዳርቻው የቢልሃርዝያ በሽታ ይገኛል።

የጨዋታን ውጤት ለማወቅ ከተደረጉ ጥናቶች ለእኛ ሁኔታ የሚቀርበው በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በጥናቱ ታቀፉ። ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየሄዱ፣ በአካባቢው ከሚገኙ ቁሳቁሶች በተሠሩ መጫወቻዎች እናቶች ከልጆቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ለሁለት ዓመት አሳዩ። ከ20 ዓመት በኋላ በዚህ ድጋፍ ያደጉት ካላገኙት ይልቅ 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ሲያገኙ ተገኝተዋል። በርግጥ ሕፃናቱ ከቅድመ አንደኛ ዕድሜ ያነሱ ነበሩ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ የመቀንጨርን ጉዳት ምግብ ብቻውን እንደማይጠግነው የሚያመለክተውን ይህን ውጤት በቀላሉ ማለፍ አይቻልም።

ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ጉዳት የደረሰባቸውም አሉ። በዚያ ወቅት አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ቅድመ አንደኛን ሳያዩ ለአንደኛ ክፍል ዕድሜ ደርሰዋል። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ ሲባል ትምህርት ቤት በተከፈተበት ሁሉ ጨዋታውን አስቀርቶ ሰሌዳ ላይ ብቻ የማተኮር ዝንባሌ ሊያይል ይችላል። ይህ ያልተዘጋጀን ልጅ ይበልጥ ያደናቅፋል፤ ስጋትና መፈናቀል ላየ ልጅ ደግሞ ጨዋታ የሆዱን የሚያወጣበት መንገድም ነው። በራቸው ገና ባልተከፈተባቸው ቀበሌዎች፣ በፖሊሲ ማዕቀፉ የታወቀው የልጅ ለልጅ ዘዴ ሊያገለግል ይችላል። በዚህ ዘዴ ከፍ ያሉ ተማሪዎች የጎረቤት ታናናሾቻቸውን ሰብስበው በጨዋታ ቁጥር፣ ፊደልና ተረት ያለማምዳሉ። ክፍልም ሆነ ዴስክ ስለማይፈልግ በአንድ አጥር ግቢ ሊከናወን ይችላል። ማታ እሳት ዳር የሚጠየቅ እንቆቅልሽም የዚሁ አካል ነው።

ልጃቸውን ለማስመዝገብ የሚሄዱ ወላጆች የዕለቱን የጊዜ ሰሌዳ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ። ከቤት ውጭ የሚጫወቱበት ጊዜ በግልጽ መቀመጡን፣ መጫወቻዎቹ ለጎብኚ የተሰቀሉ ሳይሆን ልጆች የሚነኳቸው መሆኑን፣ በክፍሉ የሚማሩት ልጆች ስንት እንደሆኑና ለመምህሯ ረዳት መኖሩን ቢመለከቱ ደብተር ከመቁጠር ይልቅ ብዙ ያውቃሉ። ክፍሎች በልጅ ብዛት የሚጨናነቁ መሆናቸው እውነት ነው፤ በእንዲህ ያለ ክፍል ልጆችን በቡድን ከፍሎ በየማዕዘኑ ማጫወት አድካሚ ቢሆንም ሁሉንም በአንድነት ዝም ከማሰኘት አይከብድም። ጥያቄ ወይም ቅሬታ ያለው ወላጅ በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት፣ ቀጥሎ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ በባሕር ዳር ደግሞ ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ ማቅረብ ይችላል። ቆርኪ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ቁራጭ ጨርቅና ትራፊ ደንገል ሳይጣሉ ታጥበው ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ ለክፍሉ መጫወቻ ይሆናሉ።