መቅደላን ከመድፉ ባሻገር

መቅደላ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሽጉጡና ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ፤ እንግሊዝ ቅርሱን ዘርፎ ሄደ፤ አለቀ። ከዚያ በፊት የነበሩትን ስድስት ወራት ግን ማን ያስታውሳቸዋል? በእኔ እምነት የመቅደላ ዕጣ የተወሰነው አምባው ላይ ሳይሆን ወደ አምባው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን በካርታ እንየው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሱ። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ብቻውን 7 ቶን ግድም ይመዝናል። ይህን መድፍ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደል እየናዱ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። የበሽሎን ቁልቁለት የሚያውቅ የአማራ ሳይንት ወይም የተንታ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። የመንገድ ሥራው ድንቅ ነው። ጦሩ ግን በየዕለቱ እየከዳ ሳስቷል።

ጄኔራል ናፒየር በበኩሉ ታኅሣሥ ላይ ዙላ ወርዶ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ደረሰ። 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከ40 በላይ ዝሆኖች ነበሩት። ዝሆኑ ግን መንገድ አይከፍትም። ትግራይ ላይ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ እለፍ አሉት። ገበሬውም በብር እህልና መኖ ሸጠለት።

ወሎስ? የወሎን በር ንጉሡ ራሳቸው ዘግተውት ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ሲደርሱ፣ ቴዎድሮስ በእጃቸው የነበረውን የወይዘሮዋን ልጅ በቁጣ አስገደሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዝ በሰሜን ሲመጣ፣ የወሎ ፈረሰኞች ከአምባው የሚያስወጣውን መንገድ ይጠብቁ ነበር። ከበባው የተጠናቀቀው እንግሊዝ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ነው ማለት ይቻላል።

በስቅለት ዕለት የንጉሡ ጦር ከፍታውን ትቶ ወደ እሮጌ ወረደ። ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ይህን ለምን አነሣሁት? በአውሮፓ የፕሩሲያ ጦር ከ200 ዓመት በፊት ጀምሮ መኮንኖቹን በካርታ ላይ በሚደረግ የጦር ጨዋታ ያሠለጥን ነበር። ተጫዋቹ ጦሩን ያንቀሳቅሳል፣ ስንቁን ይቆጥራል፣ ምሽግ ይከባል። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የናፖሊዮንን ጦር ይመራሉ። የራሳቸውን በሽሎ ግን በካርታ ላይ አያገኟትም። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ያሉ ተማሪዎቹን ይዞ የ1860ውን ዘመቻ ጨዋታ አድርጎ ቢሠራው ምን ይከብደዋል? አንዱ ቴዎድሮስን፣ አንዱ ናፒየርን፣ አንዷ ደግሞ ወይዘሮ ወርቂትን ይዛ ትጫወት።

"ጦርነት ጨዋታ ነው ወይ? ያየነው አይበቃም?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አይደለም። በዚህ ጨዋታ ግን ተማሪው ቴዎድሮስን ይዞ ደጋግሞ ሲሸነፍ አንድ ነገር ይገባዋል፦ መድፉን ትቶ ቢፈጥንም፣ ከአምባው ባይወርድም፣ የወርቂትን ልጅ ከገደለ በኋላ መውጫ የለውም። ማሸነፍ የሚጀምረው ከ1857 ነው፤ ልጁን ሳይገድል ሲቀር። ይህን ደግሞ ከጀግንነት ታሪኩ ጎን ለጎን ማወቅ ንጉሡን አያሳንስም፤ እኛን ግን ያተርፈናል።