መብራቱ ጠፋ፤ በሽታውስ?

አምና ክረምት የመኪናዬ የ«ቼክ ኢንጅን» መብራት በራ። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ማንበቢያውን ሲሰካ ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። «ኦክስጅን ሰንሰር ነው፤ ይቀየር» አለኝ። ከሶማሌ ተራ ገዝቼ መጣሁ፤ ተገጠመ፤ ኮዱ ተሰረዘ፤ ከፍዬ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ።

ሌላ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ይኼኛው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን በሚኒሞ እያሠራ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየተጫነ ድምፃቸውን አዳመጠ። ግማሽ ቀን ለፍቶ የተሰነጠቀች ቀጭን የጎማ ቱቦ አገኘ። «ጋሼ፣ ሰንሰሩ እኮ አልዋሸም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፒ0171 ማለት ሞተሩ ከቤንዚኑ ይልቅ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። አየሩ በተቀደደ ቱቦ ሾልኮ ይሆናል፤ የነዳጅ ፓምፑ ደክሞ ወይም ኢንጀክተሩ ቆሽሾም ሊሆን ይችላል። ሰንሰሩ ያየውን የተናገረ ምስክር ነበር፤ እኛ ግን ምስክሩን ነቅለን ጣልነው።

ከዚያ ወዲህ በየጋራዡ የማየው ይህንኑ ነው። ኮዱ የምርመራው መነሻ መሆኑ ቀርቶ እንደ ፍርድ ይቆጠራል። ፒ0301 አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማያቃጥል ይናገራል፤ ጥፋቱ የካንዴላው ይሁን የኮይሉ ግን አይናገርም። የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አቀያይሮ ማየት ምንም ወጪ የለውም። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። ይህ የደቂቃዎች ሥራ ተዘልሎ ስንቱ ደህና ዕቃ ተነቅሎ ይጣላል!

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «አጥፋልኝ» የሚለው ልመናችን ነው። የመኪናዋ ኮምፒውተር ኮዱን ሲመዘግብ መኪናዋ በዚያች ቅጽበት የነበራትን ፍጥነት፣ የሞተሩን ዙርና ሙቀትም አብሮ ያስቀምጣል። ኮዱን ስናጠፋ ይህ ሁሉ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለማ ጨርሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው እየገባ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያነደዋልና ፍጥነት ቀንሶ ቶሎ መቆም ይገባል።

ነገሩ የባለመኪናው ኪስ ብቻ አይደለም። ይህ የኮድና የመብራት ሥርዓት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው አየሩን ከብክለት ለመጠበቅ ነው። መብራቱ በርቶ የምትሄድ መኪና ጭስ ታክሲ ለሚጠብቀው ተማሪና መንገድ ዳር ቆሎ ለምትሸጠው እናት ይደርሳል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉንን አሮጌ መኪኖች በወጉ መጠገን የግድ ሆኗል።

ጥፋቱን በመካኒኮች ላይ ብቻ ግን አልጭንም። እኛ ለተገጠመ ዕቃ እንጂ ለምርመራ መክፈል አለመድንም። ሰው ግማሽ ቀን ፈልጎ የትንሽ ብር ቱቦ ቢቀይር «ምን ሠራህና?» እንለዋለን፤ ውድ ሰንሰር በግምት ለገጠመው ግን ሳንከራከር እንቆጥራለን። እንዲህ እያደረግን ግምትን ያሳደግነው እኛው ነን።

ስለዚህ ኮዱ ከመጥፋቱ በፊት በወረቀት እናስጽፈው። ዕቃ ግዙ ስንባል «በምን አረጋገጥክ?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። ለፍለጋውም እንክፈል።

ያ ሁለተኛው መካኒክ ሒሳቡን ስጠይቀው የነገረኝ የቱቦዋን ዋጋ ብቻ ነበር። «የልፋትህስ?» አልኩት። «ለእሱ የሚከፍል የለም ብዬ ነው» አለኝ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። የግማሽ ቀን ድካሙን ጨምሬ ከፈልኩት። መብራቱ ከዚያን ቀን ወዲህ አልበራም።