የዛሪማ መሐል ከተማ፦ ቦታው የሕዝብ፣ ግንባታው የጋራ

ለአማራ ክልል ከተማና መሠረተ ልማት ቢሮ
ለሰሜን ጎንደር ዞን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ የዛሪማን መሐል ከተማ በመንግሥትና በግል አጋርነት ስለ ማልማት

ዛሪማ በአዲአርቃይ ወረዳ ቆላ፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ ወርዶ ወደ ሽሬ በሚያመራው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የሊማሊሞ መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራውን ሰንጥቆ ከወረደ ወዲህ፣ በዳርቻው ያሉ ከተሞች ሕይወት ከመኪናው ጋር ተሳስሯል። በእንዲህ ያለ ከተማ ምግብ ቤቱ፣ አልቤርጎው፣ ጎሚስታውና ጉልቱ አስፋልቱን ተከትለው ይደረደራሉ። ከተማዋ በርዝመት ታድጋለች፤ መሐል ግን አይኖራትም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በአዲአርቃይ በኩል ወደ ደባርቅ ሲዘልቅ አካባቢው ክፉኛ ተጎድቷል። ስለዚህ ልማቱ የፈረሰውን ከመተካት አልፎ ከተማዋ የጎደላትን መሐል ቢሰጣት ይገባል።

ቅይጥ አገልግሎት ያለው መሐል ከተማ ገበያን፣ መናኸሪያን፣ ሱቅን፣ ማረፊያን፣ መኖሪያንና የመንግሥት ቢሮን በእግር በሚደረስ ስፍራ ያሰባስባል። አሠራሩ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጎንደር ፒያሳ ከምድር ሱቅ፣ ከፎቅ መኖሪያ ያላቸው ቤቶች የቆሙበት ሰፈር ነው። ይሁንና የጣሊያን ፕላን ፒያሳን ለወራሪው መድቦ የአገሬውን ሰው መኖሪያና ገበያ ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ሁለት ነገር ይቀሰማል፦ የሕንፃው አደረጃጀት ጠቃሚ መሆኑና ነባሩን ነዋሪ ገለል አድርጎ የሚሠራ መሐል ከተማ ፍትሕ የጎደለው መሆኑ።

የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 አጋርነትን የረጅም ጊዜ ውል አድርጎ ይደነግጋል። የግሉ ወገን የሕዝብ አገልግሎት የሆነ ሥራ ይረከባል፤ ከገንዘብ፣ ከቴክኒክና ከሥራ ማስኬድ የሚመጣውን ስጋት በአብዛኛው ይሸከማል፤ ዋጋውንም ከተጠቃሚ ክፍያ ወይም ከመንግሥት በጀት ያገኛል። ቦታን በጨረታ አስተላልፎ ዞር ማለት እንግዲህ አጋርነት አይባልም። አዋጁ በዋናነት ለፌዴራል ተቋማት የወጣ በመሆኑ፣ የማዘጋጃ ቤት ፕሮጀክት በየትኛው የክልል ሕግ እንደሚመራ ከጨረታው በፊት መለየት አለበት።

በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ ልማት አንዱ ምሳሌ የለገሃር ፕሮጀክት ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ፣ 36 ሄክታር ገደማ ላይ፣ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ኩባንያ ከኢግል ሂልስ ጋር ነው። ለዛሪማ ይህ ስፋት አይሆናትም። በትንሽ ከተማ ኪራይ ዝቅተኛ ስለሆነ ባለሀብቱ ያወጣውን የሚመልሰው ቀስ ብሎ ነው። በመሆኑም ሥራው በምዕራፍ መከፈል አለበት። መጀመሪያ ውኃ፣ መብራት፣ የጎርፍ ማፋሰሻ፣ መናኸሪያ፣ ጥላ ያለው ገበያና የሕዝብ መጸዳጃ ይቀድማሉ። ቀጥሎ ሱቅና ማረፊያ፣ በመጨረሻም መኖሪያና ቢሮ ይገነባል። የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች መሠረት ኋላ ፎቅ መሸከም እንዲችል ሆኖ ይጣላል።

ሸክሙ ለሚችለው ወገን መሰጠት አለበት። ቦታውን ነፃ ማድረግ፣ ፕላን ማጽደቅና መሠረተ ልማት መዘርጋት የመንግሥት ነው። የግንባታ መዘግየት፣ የወጪ መናርና የጥገና ጉድለት የባለሀብቱ ነው። የጸጥታ ችግር ግን ለባለሀብቱ ብቻ ከተተወ ወይ ተጫራች አይገኝም፣ ወይ ስጋቱ በኪራይ ላይ ተጨምሮ ነጋዴውን ይመታል፤ በውሉ ውስጥ የጋራ መፍትሔ ሊበጅለት ይገባል።

በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመኑ እስከ 70 ዓመት ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የከተማ መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው። የሊዝ ውሉ ከፕላኑ ብዙ እጥፍ ሊረዝም ስለሚችል፣ በየጊዜው የሚከለስበት አንቀጽ የግድ ያስፈልገዋል። ማዘጋጃ ቤቱም በአንድ ጊዜ ክፍያ ፈንታ ከዓመታዊ ገቢ ድርሻ ቢይዝ፣ ዘመኑ ሲያበቃም ገበያውና መናኸሪያው በጥሩ ይዞታ ወደ ሕዝብ እንዲመለሱ ቢዋዋል ይበጃል።

የነባር ባለይዞታዎች ጉዳይ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይሻል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለ ማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች ፕላኑን ጠብቀው በግል ወይም በቡድን ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። የሱቅና የአልቤርጎ ባለቤቶች ተደራጅተው የአጋርነቱ ባለድርሻ የሚሆኑበት በር በዚህ ይከፈታል። ጉልት የምትቸረችር ሴት ግን ካርታ የላትም፤ ይህ ቅድሚያ አይደርሳትም። የእሷ ቦታና የምትከፍለው ዋጋ በውሉ ላይ በቁጥር ካልሰፈረ፣ አዲሱ ገበያ እሷን ያስወጣል።

ዲዛይኑ ለቆላ የሚስማማ መሆን አለበት፦ ሰፊ በረንዳ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት፣ ከመስተዋት ይልቅ ጥላ። ለከባድ መኪና ማቆሚያ ከገበያው ወጣ ብሎ ይዘጋጅ፤ የዛሪማ ወንዝ ዳርቻም ከግንባታ ነፃ ይሁን። በአካባቢው ያለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ መውጣቱ ለቱሪዝም ተስፋ ይሰጣል። ሆኖም የቱሪስት ገቢ እርግጠኛ ስላልሆነ የአዋጭነት ስሌቱ በነዋሪው፣ በገበሬውና በመንገደኛው ላይ ይቁም።

ከቢሮውና ከዞን አስተዳደሩ የሚጠበቁት አራት ተግባራት ናቸው፦ ከነዋሪው ጋር የተመከረበት የአካባቢ ልማት ፕላን ማጽደቅ፣ የአዋጭነት ጥናቱን ይፋ ማድረግ፣ ግልጽ ጨረታ ማውጣት፣ የተፈረመውን ውል ከነድርሻውና ከነግዴታው ሕዝቡ በሚያየው ቦታ መለጠፍ። አራቱ በዚሁ ቅደም ተከተል ከተፈጸሙ ባለሀብቱ የሚተማመንበት፣ ነዋሪውም የእኔ የሚለው መሐል ከተማ በዛሪማ ሊገነባ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር