የአንገት ዕጢ እብጠት በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፦ ሞኖኒውክሊዮሲስ ወይስ ቲቢ?

በጎንደር ከተማ የሚገኘው የጎንደር ዩኒቨርሲቲና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚገኘው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች የሚመደቡ ተማሪዎችን ተቀብለው ያስተምራሉ። ወጣቶች በአንድ መኝታ ክፍል ሲያድሩና በአንድ አዳራሽ ሲመገቡ፣ በምራቅና በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች የመዛመት ዕድላቸው ይሰፋል። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ብርቱ ድካምና የአንገት ዕጢ እብጠት የታየበት ተማሪ ሕመሙ ሳይለይ በግምት መድኃኒት ከጀመረ፣ ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ለክፍል ጓደኞቹ ሊተርፍ ይችላል።

እነዚህን ምልክቶች ከሚያስከትሉ ሕመሞች አንዱ ኢንፌክሽየስ ሞኖኒውክሊዮሲስ ነው። በአብዛኛው መንስኤው እ.ኤ.አ. በ1964 የተገኘው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ሲሆን፣ በዋናነት በምራቅ ይተላለፋል። መሳሳም፣ በአንድ ብርጭቆ ወይም የውኃ ኮዳ መጠጣት፣ የጥርስ ብሩሽ መዋዋስ መተላለፊያ መንገዶቹ ናቸው። ምልክቱ የሚታየው ቫይረሱ ከገባ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት በኋላ በመሆኑ፣ ታማሚው ከማን እንደተላለፈበት ለማወቅ ይቸገራል። ቫይረሱ ከሕመሙ በኋላም ለወራት በምራቅ ውስጥ ይገኛል።

ሆኖም የበሽታው ስርጭት በሁሉም ሀገር አንድ ዓይነት አይደለም። በዓለም ላይ ከ10 አዋቂዎች 9 ያህሉ በዚህ ቫይረስ ተይዘው ያውቃሉ፤ ልዩነቱ የተያዙበት ዕድሜ ነው። በበለጸጉ ሀገሮች ብዙዎች ቫይረሱን የሚያገኙት በጉርምስና ወይም በኮሌጅ ዕድሜ ስለሆነ ሕመሙ ይጠናባቸዋል። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ሀገሮች ግን አብዛኞቹ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ያለ ጉልህ ምልክት ስለሚያገኙት፣ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ የመከላከል አቅም አዳብረዋል። ስለዚህ የዚህ አካባቢ ተማሪ አንገቱ ሲያብጥ ሞኖኒውክሊዮሲስ ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

በኢትዮጵያ የአንገት ዕጢ እብጠት ሲታይ ቀድሞ ሊታሰብ ከሚገባው አንዱ የዕጢ ቲቢ ነው። በዕጢ ብቻ የተወሰነ ቲቢ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን ታማሚው የሳንባ ቲቢም ካለበት በሳል አማካይነት በአየር ይተላለፋል። የደጋው ብርድ መስኮት በሚያስዘጋበት፣ በርካታ ተማሪዎች በሚያድሩበት ክፍል ደግሞ አደጋው ይከፋል። ከዚህ ሌላ በኤች አይ ቪ የተያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሳየው ምልክት ከሞኖኒውክሊዮሲስ ጋር በእጅጉ ስለሚመሳሰል፣ የኤች አይ ቪ ምርመራም ሊዘነጋ አይገባም።

ሳይመረመሩ መድኃኒት መውሰድ በሁለት በኩል ይጎዳል። ሞኖኒውክሊዮሲስ ከሆነ ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረሱን አያጠፋም፤ እንዲያውም አሞክሲሲሊን የወሰዱ ብዙ ታማሚዎች ሰውነታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። ቲቢ ከሆነ ደግሞ ትክክለኛው ሕክምና ይዘገያል። ለሞኖኒውክሊዮሲስ ፈዋሽ መድኃኒትም ሆነ ክትባት የለም። ዕረፍት፣ በቂ ፈሳሽና በባለሙያ የታዘዘ የትኩሳት ማስታገሻ ይረዳሉ። ጣፊያ ሊያብጥና ሊፈነዳ ስለሚችል ታማሚው ቢያንስ ለ3 ሳምንታት ከኳስ ጨዋታና ከከባድ ሸክም መቆጠብ ይኖርበታል። በግራ ጎኑ በኩል ድንገተኛ የሆድ ሕመም ከተሰማው ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ የዕጢ እብጠት ወይም ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ያለበት ተማሪ ወደ ተቋሙ ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል። ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ ባለሙያው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። በመንግሥት የጤና ተቋማት የቲቢ ሕክምና በነጻ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚወስድ በመሆኑም ተማሪው ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ የዝውውር ወረቀት ይዞ ሕክምናውን ሳያቋርጥ መቀጠል ይኖርበታል።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን ያሠለጠነች ከተማ ናት። የዚያ ሥልጠና መሠረት በሽታን መከላከል ነበር፤ ዛሬም መከላከል የሚጀምረው ከመኝታ ክፍል ነው። በብርድ ወራትም ቢሆን በቀን መስኮት መክፈት፣ ሲያስሉ አፍንና አፍንጫን መሸፈን፣ የመጠጫና የጥርስ ብሩሽን ለየብቻ መያዝ፣ ታሞ የሰነበተን ጓደኛም ሳያገልሉ ወደ ሕክምና እንዲሄድ ማበረታታት ከእያንዳንዱ ተማሪ ይጠበቃል።