የዕውቀት ቤትና የገበሬ ደጅ

አርሶ አገር የሚመግብ ገበሬ ከትልቅ ትምህርት ቤት ደጅ ቆሞ «ነገ ተመለስ» ሲባል ጕዳቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የመላው አገር ነው።

በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘውና ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የእርሻ ኮሌጅ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል ሲታሰብ፤ ማስተማር፣ መመርመርና የተመረመረውን ለገበሬው ማድረስ ሦስቱም በአንድ ቤት ሥር ነበሩ። በ1955 ዓ.ም. ግን ሦስተኛው ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው ብዙ ጊዜ በሁለት ደጆች መካከል ይንከራተታል፤ መምህሩ «ወደ ሹሙ ሂድ» ይለዋል፤ ሹሙም «ይህ የምሁራን ነገር ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

የዚህ መለያየት ፍሬ በዚያው ስፍራ ታይቷል። የአፈር መታጠብ፣ ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ፣ ለሐረር ከተማም መጠጥ ከልክ በላይ መቀዳት ተደራርበው፣ የውሃና የአፈር ሊቃውንት በአጠገቡ ሳሉ፣ የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ቢመለስም፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው ተረት በዚያ ተፈጽሟል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በወር አንድ ቀን ወስኖ መምህሩን፣ የእርሻውን ሠራተኛና ገበሬውን በአንድ ሸንጎ ያስቀምጥ። ጥያቄው ከነመልሱ በመዝገብ ይጻፍ፤ መልስ ያጣውንም ማን፣ በስንት ቀን እንደሚመልሰው በዚያው ይወሰን። ሹም ቀጠሮ ይሰጣል፤ ዝናም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።