ጊታርን ከመክሰስ በፊት

ስለ ባህል ሙዚቃ በሚመከርበት ጉባኤ ሁሉ አንድ የተለመደ ተከሳሽ አለ፤ እርሱም ጊታር ነው። ተናጋሪው ይነሣል፤ ማሲንቆና ክራር ከወጣቱ እጅ እየወጡ መሆናቸውን በሐዘን ድምፅ ያወሳል፤ ቀጥሎም ጥፋቱን ሁሉ ከባሕር ማዶ በመጣው ባለ ስድስት ክር መሣሪያ ላይ ይደፈድፋል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት አንደበት ስለሌለው ፍርዱ ያለ ክርክር ይጸናል። ጎንደር የማሲንቆ አገር ናትና ክሱ በጎንደር ይበልጥ ጮኾ ይሰማል።

ክሱ ግን ሐሰት ነው። ሐሰት ከመሆኑም በላይ ጎጂ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባውን ይሸፍናልና። ሊጠየቅ የሚገባው፣ በመድረኩ ላይ የቆመው ማሲንቆ ከምን እንጨት፣ በማን እጅ፣ ስንት በጋ በጥላ በደረቀ ጣውላ ተሠራ የሚለው ነው። ስለ ባህል መጥፋት ሲያለቅሱ ከሚውሉት መካከል ይህን የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ጊታር ማሲንቆን እንዳላጠፋ ታሪክ ይመሰክራል። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁሞ ማሲንቆን፣ ክራርንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰለፈው የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በጊታር ድምፅ በሚናወጡበት ዘመን ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃው በተቋቋሙት የኪነት ቡድኖችም ውስጥ ጊታርና ክራር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች አልተጣሉም፤ ያጣሏቸው ሰዎች ናቸው።

ደግሞስ መሣሪያ የሚሠራበት ነገር ከመሣሪያው ቀድሞ ሊጠፋ እንደሚችል ጎንደር ከማንም በፊት አይታ የለምን? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ በቤተ መንግሥቱ ከከረመ በኋላ፣ ስለ አገሪቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለእንግሊዛዊው የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። በርኒም ደብዳቤውን እ.ኤ.አ. በ1776 ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ አወጣው። ብሩስ እንደሚለው የክራሩ ሁለት ክንዶች ቀድሞ የሚሠሩት ከአጋዘን ቀንድ ነበር። የጦር መሣሪያ በአገሪቱ ሲበዛ አጋዘኑ ተመናመነ፤ ቀንዱም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ክንዶቹ ከቀላል ቀይ እንጨት ይሠሩ ጀመር። ነገር ግን ጠራቢው እንጨቱን ቀጥ አድርጎ አልተወውም፤ የቀንዱን ጥምዝ እንዲመስል አድርጎ ይቀርጸው ነበር።

ልብ ሊባል የሚገባው የዚያ ዘመን ባለ እጅ ያደረገው ነው። ቀንዱ ሲያልቅበት መጤ ዜማን ሲከስስ አልተቀመጠም። ሌላ ቁስ ፈለገ፣ መረጠ፣ ያጣውንም መልክ በአዲሱ ላይ ቀረጸ። ያ ምርጫ ነበር። ዛሬ በዋንዛው ምትክ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ማንም መርጦት የገባ አይደለም፤ ርካሽ ስለሆነና በደጅ ስለተገኘ ገባ እንጂ።

ማሲንቆ ለዓይን ቀላል ነው። አራት ጠፍጣፋ እንጨቶች በማዕዘናቸው ተጋጥመው ሳጥኑን ይሠራሉ፤ ቆዳ ይወጠርበታል፤ ረጅም አንገት ሳጥኑን ዘልቆ ያልፋል፤ ከፈረስ ጭራ የተሰበሰበ አንድ አውታር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሳባል። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ለብሶ ዕጣን ይታሻል። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት የብረት ደረጃ የለውም፤ አዝማሪው አውታሩን በአየር ላይ እንዳለ በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ድምፁ የሚቆመው በሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በጆሮውና በአውታሩ ውጥረት። ውጥረቱን የሚሸከመው አንገት በትንሹ እንኳ ከጎበጠ፣ የሳጥኑ ማዕዘን በትንሹ ከላላ፣ ቆዳው ይረግባል፤ ቅኝቱ ከጨዋታው መካከል ይወርዳል። በክራርም እንዲሁ ነው፤ ይልቁንም አውታሮቹ አምስት ወይም ስድስት ናቸውና ቀንበሩ ሲጎብጥ ሁሉም በአንድነት ይሳሳታሉ። ትዝታን የቃኘ ተማሪ ሳይወድ በግድ ወዳልታወቀ ቅኝት ይሄዳል፤ መምህሩም ጆሮ የለህም ብሎ ይቆጣዋል። ጆሮ የጎደለው ግን እንጨቱ ነው።

ዋንዛ የተወደደው በዚህ ምክንያት ነው። ዋንዛ ይዘምራል የሚሉ አሉ፤ ይህ የቅኔ ነገር ነው፤ ቅኔውም ያምራል። ጠራቢው የሚያውቀው ሌላ ነው፤ ዋንዛ ለመጥረቢያና ለመሮ የሚታዘዝ፣ ምስጥ የማይደፍረው፣ ከደረቀ በኋላ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ ጸጥ ብሎ የሚቆም እንጨት ነው። ከበሮ የሚፈለፈለውም፣ ገበቴ የሚቦረቦረውም ከእርሱ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ከ1880ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱን ማገዶና የቤት ማገር ችግር ያቃለለ ባለውለታ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ማገር መሆንና የማሲንቆ አንገት መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። የማሲንቆ ፊቱ ቆዳ ነው፤ ድምፁን የሚሰጠው ቆዳው ከሆነ እንጨቱ ምን ያገባዋል? ምስክር አድርጎም የጊታርን ወገን ሊጠራ ይችላል። የስፔኑ ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከወረቀት የተሠራ ጊታር ሠርቶ፣ የድምፁ ምንጭ የፊቱ ገበታ መሆኑን ለሥራ ጓዶቹ አሳይቷልና። ምስክሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ይደመጥ። ቶሬስ ጀርባውንና ጎኑን ከወረቀት አደረገ እንጂ አንገቱን ከወረቀት አላደረገም። ለፊቱ የመረጠውም የወደቀ ጉማጅ ሳይሆን በቀዝቃዛ ተራራ ቀስ ብሎ ያደገ እንጨት ነው። ለክሩ ሸክም የሚታመነውን እንጨት ከማይታመነው ለይቶ ያውቅ ነበር።

እንዲያውም በክስ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጊታር ስለ እንጨት ያስተማረው ብዙ ነው። ለጀርባው እጅግ ይፈለግ የነበረው የብራዚል ሮዝውድ ሲመናመን፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይቲስ በሚባለው ስምምነት ታገደ። በ2017 ዘመዶቹ ሁሉ በቁጥጥር ሥር ገቡ፤ ሠሪዎችና ሙዚቀኞች ጮኹ፤ በ2019 ተሠርተው ላለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ቁጥጥሩ ላላ። ቴይለር የተባለው የአሜሪካ ጊታር ፋብሪካ በ2011 በካሜሩን የዞጲ መሰንጠቂያ ገዛ፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ዞጲ ማስተከል ያዘ። ነጋዴ ነው፤ ጽድቅ ፈልጎ አላደረገውም፤ ነገ የሚሠራበት እንጨት እንደሚያልቅበት ስላሰላ ነው። ይህን ስሌት ለማሲንቆ ያሰላ መሥሪያ ቤት ይኑር እስቲ! በነገራችን ላይ የክላሪኔትና የኦቦ አካል የሚሠራበት ጥቁር እንጨት፣ የሮዝውዱ ሥጋ ዘመድ፣ ዛሬ ምዕራብ ጎንደር በሚባለው በመተማ ቆላ ይበቅላል። ስንት የሙዚቃ መምህር ያውቀዋል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በኋላ በሌሎች አዋጆች ቢተካም ክልከላው ተገቢ ነበር፤ ጠራቢውም ሊቃወመው አይገባም። ጉዳዩ ግን ከክልከላው ማዶ ነው። ከግለሰብ ማሳ የተቆረጠው ዋንዛ ወዴት ይሄዳል? ወደ በር፣ ወደ አልጋ፣ ወደ ሰፊ የቢሮ ጠረጴዛ ይሄዳል። አንድ ጠረጴዛ የፈጀው ጣውላ ለስንት ማሲንቆ እንደሚበቃ አናጢ ይቁጠረው። የማሲንቆ ሠሪው ከባለ ጠረጴዛው ጋር በገበያ መወዳደር አይችልም፤ ስለዚህ የቀረለትን ይገዛል። የቀረለትም ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ነው። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ለጎብኚ ከሚቀርቡት ማሲንቆዎች ብዙዎቹ ከግድግዳ ላይ ለመሰቀል እንጂ ለመጫወት የተሠሩ አይደሉም። ጎብኚው ገዝቶ ቢሄድ ጉዳቱ ለእርሱ ነው። ያው ዕቃ ቫርኒሽ ተቀብቶ በጨረታ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ጉዳቱ የልጁ ይሆናል።

ቀድሞ አዝማሪው ማሲንቆውን የሚሠራው ራሱ ነበር። ከጎንደር ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ በአዝማሪዎች መንደርነቱ በታወቀው በቡርቧክስና በመሰሎቹ፣ ልጅ ከአባቱ ዜማውን ብቻ ሳይሆን እንጨቱን መምረጥም ይማር ነበር። ያ እውቀት በወረቀት አልሰፈረም። አዝማሪ ማለት ስድብ በሆነበት፣ ባለ እጅም በተናቀበት ማኅበረሰብ ውስጥ ማን ይጽፈዋል? ንቀቱ ዛሬ መልኩን ለውጧል፤ በበዓል ቀን ዘፋኙ ካባ ይለብሳል፣ ሠሪው ግን ስሙ እንኳ አይጠራም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ተተክሏል። ከዚያ ሁሉ መካከል ለሙዚቃ መሣሪያ ተብሎ የተለየ አንድ ጋሻ መሬት ይገኛልን? የባህል ሠራተኛው የግብርና ሠራተኛውን በር አንኳክቶ ይህን ቢጠይቅ ነውር አይሆንበትም። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ዋንዛ በዙሪያዋ ይበቅላል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ዋንዛ አይበቅልበትም፤ የደባርቅ ትምህርት ቤት ኮሶና ጥድ ይትከል፣ የማሲንቆ እንጨቱን ከወይና ደጋው ያስመጣ። ዋንዛው ለጣውላ እስኪደርስ አሥርት ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያው ግን ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ሥራ አለ፤ በነፋስና በዕድሜ የወደቀው ዋንዛ በማገዶ ዋጋ ከመሸጡ በፊት ለጠራቢዎች ማኅበር ይድረስ፤ ጣውላው በጥላ የሚደርቅበት አንድ መጋዘን ይሰጣቸው፤ ሽማግሌው ጠራቢም እንጨት ሲመርጥ አጠገቡ ሁለት ወጣቶችና አንድ ጸሐፊ ይቁሙ።

የጨረታውም ሰነድ ይታረም። እስካሁን በእንዲህ ዓይነቱ ሰነድ የሚጻፈው «ማሲንቆ፣ ብዛት ይህን ያህል» ነው። ቀጥሎ የእንጨቱ ዓይነት፣ የደረቀበት ጊዜና የሠሪው ስም ይጻፍ። ዕቃውን የሚረከበውም ንብረት ክፍሉ ብቻ አይሁን፤ አንድ አዝማሪ ተጠርቶ ይቃኘው፣ እስከ ማግስቱ ይተወው፣ በማግስቱም መጥቶ ቅኝቱ እንደቆመ ያዳምጥ።