ጉበት ሲታመም ቆዳ ይናገራል

እኔ በምኖርበት በተክለ ሃይማኖት ሰፈር የአንድ ሰው ዓይን ቢጫ ሲሆን ጎረቤት ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» ይላል። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፋበት ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ ቅጠል የሚቀጠቅጥ ሰው ፍለጋ ይኬዳል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ይህ ሁሉ ከተሞከረ፣ ሆዳቸውም ውኃ ከቋጠረ በኋላ ነበር።

ቢጫነቱን የምታመጣው ወፍ አይደለችም። ያረጀ የደም ሕዋስ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበት ደግሞ በሐሞት በኩል ያስወግደዋል። ጉበት ሲደክም ወይም የሐሞት መንገድ ሲዘጋ ደም ውስጥ ይከማቻል። የእኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ቢጫነቱ ቶሎ አይለይም። ስለዚህ በቀን ብርሃን የዓይንን ነጭና የምላስን ሥር ይመልከቱ። በዕድሜና በፀሐይ የደፈረሰ ዓይን እንዳያሳስትዎ የታችኛውን ቆብ ዝቅ አድርገው ፀሐይ የማያገኘውን ክፍል ይዩ።

ለዓመታት የቆየ የጉበት ሕመም ግን ዓይን ሳይቀየርም ምልክት ይሰጣል። ሽፍታ የሌለው፣ ሌሊት የሚብስ፣ መዳፍንና የውስጥ እግርን የሚይዝ ማሳከክ አንዱ ነው። ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ይቀላል። ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ፤ መሐሉን ሲጫኑት ይጠፋል፣ ሲለቁት ከመሐል ተነሥቶ ይመለሳል። ጥፍር ይነጣል። ደም የሚያረጉ ነገሮችን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ ሰውነት በትንሽ ግጭት ይበልዛል፣ ድድም ይደማል። እግርም ያብጣል።

አንድ ምልክት ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ነፍሰ ጡር ሴት ጤነኛ ሆና መዳፏ ሊቀላ ይችላል። መዳፏንና የውስጥ እግሯን አጥብቆ የሚያሳክካት ከሆነ ግን ሳትውል ሳታድር ትታይ።

ለጉበት መጎዳት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ አልኮል፣ በጉበት ላይ የሚከማች ስብም ናቸው። ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚከተቡት የልጅ ልጆቻችን ጋሻ አላቸው፤ እኛ አያቶችና ብዙ ወላጆች ግን ያኔ አልደረሰንም። ስለዚህ ምልክት ባይኖርም በደም ምርመራ ራስን ማወቅ ይገባል። ቫይረሱ ከተገኘ የቤተሰቡ አባላት ይመርመሩ፣ ያልተያዙት ይከተቡ። ለሚያስፈልገው ሰው ቫይረሱን የሚገታ መድኃኒት አለ።

ሄፓታይተስ ቢ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ፣ በጋራ ምላጭና መርፌ ነው። አብሮ በመብላትና በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ የታመመውን ሰው ሳህን አትለዩበት።

የተቀጠቀጠ ሥር ቅጠል ግን አታጠጡት፤ የደከመ ጉበትን ጨርሶ የሚጥል መርዝ ያላቸው ዕፅዋት አሉ። መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ካስፈለገ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልኩታል። ደም ካስታወከ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ግን ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።